የውሃ አባቱና የሃምሳ አራቱ ዋንጫ

መርዶውን የሰማሁት እዚህ ቤሩት፣ ከቅዳሴ ወጥተን ጫማችንን ስናደርግ ነው። የሺ የምትባል የሸዋ ሮቢት ልጅ አለች፤ ከመጣች ገና ዓመት አልሞላትም። ነጠላዋን እያጣፋች ጠጋ አለችኝና፣

«ጋሼ ደምሴን ታውቂያቸው ነበር? የውሃ አባት የነበሩትን?» አለችኝ።

«እንዴት አላውቃቸውም!»

«አረፉ እኮ። ጀውሃ፣ ልጃቸው ቤት። እማዬ ትናንት በስልክ ነገረችኝ።»

አማተብኩ። ነፍስ ይማር አልኩ። እሷም ነፍስ ይማር አለችና ፈገግ አለች። «ሰው ግን ስልሳ ሁለት እያለ ነበር የሚጠራቸው። ልጆች ሆነን ለገበያ ሲመጡ ‹ስልሳ ሁለት! ስልሳ ሁለት!› እያልን እንከተላቸው ነበር፣ እግዜር ይቅር ይበለን። ለምን እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ አላውቅም። ዕድሜያቸው ነበር እንዴ?»

«ዕድሜያቸው አይደለም» አልኳት።

«ታዲያ ምንድን ነው?»

ልነግራት ፈልጌ ነበር። እሷ ግን አሠሪዋ የሰጠቻት ሰዓት እያለቀባት ነበር፤ እኔም እውነቱን ለመናገር አፌ አልታዘዘልኝም። ያንን ስም ያወጣሁላቸው እኔ ነኝ። አስቤ ያወጣሁት አይደለም፤ ከእኔ አፍ ግን ነው የወጣው። ለየሺ ያልነገርኳትን እዚህ እጽፈዋለሁ።

ዓመቱ ሁለት ሺህ አምስት ነበር፤ እኔ የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ፣ አምስተኛ ክፍል። ቤታችን ከሮቢት ከተማ ትንሽ ወጣ ይላል። ማሳችን ከሮቢ ወንዝ በተጠለፈው ቦይ ዳር ነው፤ ቀይ ሽንኩርት ነበር የምናመርተው። ከዚያ ቦይ ሃያ ቤት ይጠጣል። በበጋ ውሃው ለሃያ ቤት የሚበቃው ተራ ከተያዘ ብቻ ስለሆነ፣ ተራውን የሚያካፍል አንድ ሰው ይመረጣል፤ የውሃ አባት ይባላል። ጋሼ ደምሴ እኔ ሳልወለድ ጀምሮ የውሃ አባት ነበሩ።

ደብተር አልነበራቸውም፤ ፊደልም አልቆጠሩም። ተራውን የያዙት በቅዱሳን ነው። የእኛ ቤት ውሃ አቦ፣ ቂርቆስና መርቆሬዎስ ነበር፤ በአምስት፣ በዐሥራ አምስትና በሃያ አምስት ማለት ነው፣ ከጠዋት እስከ ቀትር። ከቀትር በኋላ ያለው የጎረቤታችን የሰይድ ነው። ሰይድ ገበያ መሐል ቆሞ «የኔ ውሃ እኮ መርቆሬዎስ ነው» ሲል የማያውቀው ሰው ዞር ብሎ ያየው ነበር። «ምን ታየኛለህ?» ይላል ሰይድ። «አንተ ብትረሳው የኔ ሽንኩርት አይረሳውም።» አንድ ቀን ጳጉሜን የማን እንደሆነ ጋሼን ጠየቅኋቸው። «የዝናብ ነው» አሉኝ። «ማንም አይጣላበትም።»

የእኔ ሥራ ተራችን ሲደርስ በማለዳ ወርጄ ቦዩ አፍ ላይ መቆም ነው። ጋሼ ፀሐይዋን ያዩና «በይ ክፈች» ይሉኛል። አፉ ላይ የተደፈነውን ጭቃና ሳር በእጄ እዝቀዋለሁ። ውሃው ዘልቆ ሲገባ የደረቀው አፈር እሽ… ይላል፣ እንደ ሰው። ከስንጥቁ ውስጥ ትንንሽ ጉንዳኖች እየተንጋጉ ይወጣሉ። ሽታው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ለብ ያለ፣ አፍንጫን የሚኮረኩር። እዚህ በረንዳ ሳጥብ አንዳንዴ ሲሚንቶው እንዲያ ሊሸተኝ ይቃጣውና ይተወዋል።

ጋሼ ደምሴ ረጅም፣ ቀጭን ሰው ናቸው። ጭቃው እግራቸው ላይ ይደርቅና እስከ ጉልበታቸው ነጣ ይላል፤ ነጭ ካልሲ ያደረጉ ይመስላሉ። እኔ ግን ጭቃ ነው ብዬ አላምንም ነበር። የአዲስ አበባ ስታዲየም ኖራ ነው፣ እስከ ዛሬ አልለቀቃቸውም ብዬ ነበር የማስበው። የኖራውን ታሪክ ከራሳቸው አፍ ስለሰማሁ ነው።

«መጀመሪያ ሦስት ነበርን» ይላሉ፣ ውሃው ከመስመር መስመር እስኪሻገር ቦዩ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው። «የአፍሪካ ዋንጫ ሲጀመር ሦስት አገር ብቻ። ሱዳን፣ ግብፅና እኛ።»

«አፍሪካ ያኔ ሦስት አገር ብቻ ነበረች ጋሼ?»

«ሌላው ገና በነጭ እጅ ነበራ! ደቡብ አፍሪካ አራተኛ ልትሆን ነበር፤ ነጭና ጥቁር ቀላቅዬ አልልክም ብላ ቀረች። ካርቱም ላይ ግብፆች አራት አገቡብን። ደግሞ ካይሮ ሄድን፣ እዚያም አራት። በሦስተኛው ጊዜ እኛ ዘንድ መጡ።»

እሳቸው ያኔ ጎረምሳ ነበሩ፤ አዲስ አበባ ወጥተው የቀን ሥራ ይሠሩ ነበር። ስታዲየሙ ሜዳውን የሚያሰምሩ ሰዎች ሲፈልግ ተቀጠሩ። ገመድ ወጥረው፣ ኖራውን በቆርቆሮ በጥብጠው፣ ወገባቸው እስኪቆረጥ አጎንብሰው አሰመሩ። ሽንኩርት ስንተክል መስመራችን ከተጣመመ የሚቆጡን ለዚህ ነው ይሉ ነበር፤ «እኔ ግብፅ የተሸነፈበትን መስመር ያሰመርኩ ሰው ነኝ፣ የናንተ ሽንኩርት ያዋርደኛል?»

«ጨዋታውስ ጋሼ?»

«ጥር ዐሥራ ሦስት፣ እሑድ፣ ሃምሳ አራት። ጥምቀት ካለፈ በሁለተኛው ቀን። ቀድመው አገቡ፤ አገባን። ደግመው አገቡ፤ ደግመን አገባን። ሰዓቱ አለቀና ተጨማሪ ተሰጠ። ሁለት ጨመርን። አራት ለሁለት! ጃንሆይ ዋንጫውን ሲሰጡ እኔ በሩ ጋ ቆሜያለሁ፣ እጄ በኖራ ነጭ ሆኗል። ሰው ሁሉ ያጨበጭባል፤ እኔ ኖራው ብን ብሎ ሰዎቹ ልብስ ላይ እንዳያርፍ ፈርቼ ሳላጨበጭብ ቀረሁ።»

በዓመቱ አባታቸው ሞቱባቸውና ወደ ሮቢት ተመለሱ። «ከሃምሳ አምስት ወዲህ ከዚህ ቦይ ወጥቼ አላውቅም» የሚለውን አነጋገራቸውን በዚያ ሰፈር የማያውቅ ሰው የለም።

በዚያ ዓመት ጥቅምት ላይ ኢትዮጵያ ሱዳንን ሁለት ለዜሮ አሸነፈችና ከሠላሳ አንድ ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ አለፈች። በደሴ መንገድ የሚያልፉት የጭነት መኪኖች በሙሉ ጡሩምባቸውን እየነፉ ከተማችንን ሰንጥቀው ሄዱ። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ሲባል ቡድኑ አንድ ቦታ ጠፍቶ የቆየ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ወዲያ ጋሼ ደምሴን ልጁም ሽማግሌውም እየከበበ ታሪኩን ያስነግራቸው ጀመር። ደቡብ አፍሪካ ነው ውድድሩ ሲባሉ ጭንቅላታቸውን እየነቀነቁ «አየህ፣ ያኔ አልመጣም ያለችው ዛሬ ጠራችን» ይሉ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ሰው ላስተዋውቅ። ስሙን አልጽፍም፤ ልጆቹ አድገዋል፣ እሱም ዛሬ ሌላ ሰው ሆኖ ይሆናል። ባለሞተሩ እለዋለሁ፣ ሰፈሩም እንዲሁ ነበር የሚለው። ከወንዝ ውሃ የሚስብ ሞተር የነበረው እሱ ብቻ ነው፤ ቦዩ ሲደክም አባቴ ከሱ እየተዋሰ ሽንኩርታችንን ያተርፍ ነበር። የጎረቤት ማሳ እየተከራየ ሲያሰፋ ተራው አልበቃው አለና፣ ከሱ ቀጥሎ ያለውን የእትዬ በላይነሽን ተራ ጠየቀ። እትዬ በላይነሽ ባልቴት ናቸው። «ማሳቸው ትንሽ ናት፣ ግማሽ ቀን ምን ያደርግላቸዋል?» አለ። ጋሼ ደምሴ «እስጢፋኖስ የሷ ነው» ብለው መለሱለት። እኔ ያኔ በቃ ያለቀ ነገር መስሎኝ ነበር።

በዚያው ሰሞን ከሱቅ ከመጣ ጨው ጋር አንድ ወረቀት አገኘሁ። ጨው የተጠቀለለበት የስፖርት ጋዜጣ ነበር። ንባብ እወድ ስለነበር የመጠቅለያ ወረቀት ሁሉ እያለሰለስኩ ደብተሬ ውስጥ አስቀምጣለሁ። ስለ ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ፣ ስለ አዲስ አበባ፣ ስለ አራት ለሁለት ይላል። የጋሼ ታሪክ በጋዜጣ! ደስታዬን መቻል አቃተኝ። ለማንም ሳልናገር የጨዋታው ቀን እስኪደርስ ደበቅሁት፤ ሰው ፊት አንብቤ ላስመሰክርላቸው ነበር ሐሳቤ።

ጨዋታው ከዛምቢያ ጋር፣ በጥር ዐሥራ ሦስት ነበር። ጋሼ ለሳምንት ያህል «ያው ቀን! እግዚአብሔር አብ! ያኔም ዐሥራ ሦስት ነበር» እያሉ ሲገረሙ ሰነበቱ። መንገድ ዳር ያለው ሆቴል ቴሌቪዥኑን ግቢ አውጥቶ በተደራረበ የለስላሳ ሣጥን ላይ አስቀመጠ። ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነበር፣ ሙቀቱ ግን ገና ከመሬቱ ይወጣል። ሹፌሩ፣ ገበሬው፣ ነጋዴው፣ ተማሪው ሁሉ ግቢውን ሞላው። ለጋሼ ከፊት ወንበር ተሰጣቸው።

«አባት፣ እውነት ያኔ ስታዲየም ነበሩ?» አላቸው አንድ ሹፌር።

«እንዴታ!»

«ታዲያ ለምን አልተጫወቱም?»

«እኔ ብጫወት መስመሩን አያትህ ያሰምሩት ነበር?»

ግቢው በሳቅ ፈነዳ። እኔ ቴሌቪዥኑ ላይ የሚታየውን ሜዳ እያየሁ፣ «ጋሼ፣ ይሄኛውም መስመር የእርስዎ ነው?» አልኳቸው። «ኧረ ይሄ የዚያ አገር ሰው ነው፣ ጥግ ላይ ጠመም አድርጎታል» አሉኝ። ደግሞ ተሳቀ። እንዲህ ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም።

በዚህ መሐል የአባቴን ክንድ ጎተትኩና ጋዜጣውን አሳየሁት። አባቴ ኮራ። «እስቲ ጸጥ በሉ! ልጄ ስለ ጋሼ ዋንጫ ታንብብላችሁ።»

ቆምኩ፤ አነበብኩ። «ኢትዮጵያ ሦስተኛውን የአፍሪካ ዋንጫ አዲስ አበባ ላይ በሺህ ዘጠኝ መቶ ስልሳ ሁለት አስተናግዳ፣ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት አራት ለሁለት በማሸነፍ ዋንጫውን ወሰደች።»

ከቁጥሩ በፊት ሦስት ፊደሎች ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. የሚሉ። ምን እንደሆኑ አላውቅም ነበር። ቤት ውስጥ ብቻዬን ሳነበው፣ መምህር ቃል ሲጠፋው እንደሚያደርገው ጸሐፊው የተንተባተበ መስሎኝ ነበር። ሰው ፊት መንተባተብ አሳፈረኝና ዘለልኳቸው።

«አራት ለሁለት! ተጨማሪ ሰዓት! ሰማችሁ?» አሉ ጋሼ ከወንበራቸው ብድግ ብለው።

«ቆይ፣ ቆይ፣ ቆይ» የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ። ባለሞተሩ ነው። «ዓመቱን ስንት አልሽ?»

«ስልሳ ሁለት።»

«ጋሼ፣ እርስዎ ስንት ነበር የሚሉት?»

«ሃምሳ አራት።»

«ጋዜጣው ግን ስልሳ ሁለት ይላላ!»

ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ። «እስቲ ደግመሽ አንብቢልኝ፣ ልጄ።»

ደገምኩት። አሁን ደግሞ ድምፄን ከፍ አድርጌ። ፊደሎቹን አሁንም ዘለልኳቸው።

«በስልሳ ሁለት የተወለድኩት እኔ ነኝ» አለ ባለሞተሩ ወደ ሰው ዞሮ። «እናቴን ምጥ ሲጠናባት በቃሬዛ ተሸክመው ሐኪም ቤት ያደረሷት ማን ናቸው? ጋሼ ደምሴ! ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ። እንዴት ነው ነገሩ ጋሼ፣ በአንዱ ትከሻ ቃሬዛ፣ በአንዱ ትከሻ ኖራ?»

የዚያን ጊዜውን ሳቅ እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። «ከሃምሳ አምስት ወዲህ ከቦዩ አልወጣሁም ይሉ የለ!» አለ አንዱ። «በቦዩ ዋኝተው ይሆናላ!» አለ ሌላው። ከጎን መነጽር ያደረጉ መንገደኛ ነበሩ፤ «ኧረ ቆይ፣ እሱ እኮ የፈረንጆቹ…» ብለው ጀምረው ነበር። መዝሙሩ ተጀመረና ሁሉም ሰው ተነሣ። የጀመሩት ነገር እዚያው ቀረ።

ጋሼ ቀስ ብለው ተቀመጡ። «እንግዲህ… ጋዜጣ ነው» አሉ ለራሳቸው።

የእኛ ልጆች ፍጹም ቅጣት ምት አግኝተው ሳቱ። በረኛችን ቀይ ካርድ አየ። ልክ ዕረፍት ሊሆን ሲል ዛምቢያ አገባ። በዕረፍቱ ጋሼ ተነሡ። በእኔ በኩል ሲያልፉ እጃቸውን ራሴ ላይ አደረጉና፣ «ጎበዝ ነሽ፤ ጥርት አድርገሽ ነው የምታነቢው» አሉኝ። ሽሙጥ አልነበረም። ምነው ሽሙጥ በሆነ እላለሁ። ከዕረፍት በኋላ በዐሥር ሰው አንድ አገባንና እኩል ወጣን። ከተማው አበደ። እኔም ጨፈርኩ።

በዐሥራ ሰባት፣ ዓርብ ለታ፣ አባቴ መርቆሬዎስ ላይ ቀድመን መክፈት እንችል እንደሆነ እንድጠይቅ ወደ ጋሼ ላከኝ። ቦዩ ጋ ስደርስ ባለሞተሩ ውሃውን ማሳው ውስጥ ለቆታል። እትዬ በላይነሽ አካፋቸውን ይዘው ዳር ቆመዋል።

«ዝጋ እንጂ» ይላሉ ጋሼ። «ያንተ ኪዳነ ምሕረት ትናንት አለፈች። ዛሬ እስጢፋኖስ ነው።»

«ዛሬ ዐሥራ ስድስት ነው።»

«ዐሥራ ሰባት ነው፣ ልጄ።»

«ማን አለ? እርስዎ? ሃምሳ አራትና ስልሳ ሁለትን የማይለይ ሰው ዐሥራ ስድስትና ዐሥራ ሰባትን በምን ይለያል?»

ዙሪያውን የቆሙት ገበሬዎች ሳቁ። ዐሥራ ሰባት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ ኪዳነ ምሕረትን ትናንት ያነገሡት እነሱው ናቸው። ነገሩ ግን ጥሟቸዋል። ጋሼ ጣቶቻቸውን ማጠፍ ጀመሩ። ተራ ሲያካፍሉ በጣታቸው ሲቆጥሩ አይቻቸው አላውቅም ነበር። ሦስተኛዋ ላይ ሲደርሱ አቆሙና እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ልጆች ስልሳ ሁለት ይሏቸው ጀመር።

ሰኞ፣ በሃያ፣ የኅብረተሰብ መምህራችን ክፍል ስትገባ ሁላችንም አኩርፈን ነበር፤ ዓርብ ማታ ቡርኪና ፋሶ አራት አግብቶብናል። «በሉ ቀና በሉ» አለችን። «ይሄን ዋንጫ ከመሠረቱት አገሮች አንዷ እኛ ነን።» ጠመኔ አነሣችና ካርቱም፣ ካይሮ፣ አዲስ አበባ እያለች ሰሌዳው ላይ ጻፈች። ከአዲስ አበባ ጎን «1954» ብላ ጻፈች። ከሥሩ ደግሞ «እ.ኤ.አ. 1962»።

እጄን አወጣሁ። «ቲቸር፣ የትኛው ነው ትክክሉ?»

«ሁለቱም። እ.ኤ.አ. ማለት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። እነሱ ከእኛ በሰባት ወይ በስምንት ዓመት ይቀድማሉ። ቀኑ አንድ ነው፤ አቆጣጠሩ ነው ሁለት።» ከዚያም ስልሳ ሁለት ላይ ስምንት ቀንሳ አሳየችን።

ደብተሬ ላይ ገለበጥኩት። ስምንቷን ወረቀቱ እስኪቀደድ ደጋግሜ አሰመርኩባት። ከጎኔ የተቀመጠችው ልጅ «ምን ሆንሽ?» አለችኝ። «ምንም» አልኳት። ያ የመጀመሪያው ዝምታዬ ነበር።

በነጋታው አስተርእዮ ማርያም ናት። ከቅዳሴ በኋላ የቦዩ ተጠቃሚዎች ማርያም ደጅ ሊሰበሰቡ ተቀጣጥረዋል፤ ባለሞተሩ የውሃ አባት ይቀየር ብሏል። ጠዋት ስንወጣ ደብተሬን በነጠላዬ ሥር ያዝኩ። መንገድ ላይ ለአባቴ አሳየሁት። «አባዬ፣ ጋሼ ትክክል ናቸው። እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ይኸው።»

አባቴ ቆሞ ረጅም ጊዜ አየው። እሱም ትንሽ ያነባል። ከዚያ ደብተሩን ዘጋና መለሰልኝ። «ዛሬ የሚወራው ስለ ኳስ አይደለም» አለ።

«ታዲያ ስለምንድን ነው?»

«አንቺ አይገባሽም። የካቲት ላይ ቦዩ ሲደርቅ ሞተሩን ማን ሊሰጠን ነው? ዝም ብለሽ ነይ።»

ደጀ ሰላሙ ጋ ክብ ሠርተው ተቀመጡ። እኔ ከአባቴ ኋላ ቆምኩ። ባለሞተሩ «ሰውዬው አርጅተዋል፣ ቀን እየተሳከረባቸው ነው፣ የተማረ ሰው ደብተር ይዞ ተራ ያካፍል» አለ። ሰይድ ብቻ «ለእኔ ተሳስተውብኝ አያውቁም» ብሎ ተከራከረ፤ ማንም አልተከተለውም። እትዬ በላይነሽ ከሴቶቹ ጋር ሆነው ያለቅሳሉ። ስብሰባውን የሚመሩት ሽማግሌ «በዚህ ነገር የሚናገር ሰው አለ?» ብለው ጠየቁ። አንድ ጊዜ አይደለም፣ ሁለት ጊዜ ጠየቁ። ደብተሩ በእጄ ነበር። አባቴን አየሁት፤ መሬት መሬቱን ያያል።

ጋሼ ደምሴ ተነሡ። ነጭ ለብሰው ነበር፣ እግራቸውም ታጥቦ ጠቁሯል። ኖራ እንዳልነበረ ያኔ ነው ያወቅሁት።

«እኔ የቆጠርኩት በቅዱሳን ነው» አሉ። «እነሱ አይሳሳቱም። እኔ ተሳስቼ ያንዳችሁን ውሃ ላንዳችሁ ሰጥቼ ከሆነ፣ ዛሬ እመቤታችን ፊት ይቅር በሉኝ።»

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አለ ሰዉ በአንድ ድምፅ። አባቴም አለ። እኔም አልኩ። ላላጠፉት ጥፋት ይቅር አልኳቸው። ከኃጢአቴ ሁሉ ይቺ ትከብደኛለች።

እዚያው በእሳቸው ቦታ ደብተር የያዘ ሌላ የውሃ አባት ተመረጠ። የዚያን ለታ ማታ ናይጄሪያ ሁለት አገባብንና ከውድድሩ ወጣን። ሰው አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፤ ሁሉም ለኳሱ መሰላቸው።

አንድ ጊዜ ደግሞ ዕድል ነበረኝ። የካቲት ውስጥ ከትምህርት ቤት ስመለስ ጋሼ መንገዱ ዳር ቆመው አየኋቸው። አጠገባቸው የተጠቀለለ ፍራሽና አንድ ጆንያ አለ። ጀውሃ ልጃቸው ዘንድ ሊሄዱ መኪና እየጠበቁ ነው። ጉልበታቸውን ሳምኩ።

«ልጄ፣ ያ ጋዜጣ አለሽ?» አሉኝ።

«የለም ጋሼ። ጠፋ።» ጋዜጣው ደብተሬ ውስጥ ነበር።

«ሃምሳ አራት አይመስልሽም ግን?» ፊታቸው እንደ ልጅ ነበር፣ እኔ መምህሬን ስጠይቅ እንደምሆነው። «ሌሊት ተኝቼ አስበዋለሁ። አባቴ የሞተው ከዚያ በኋላ ነው እላለሁ። ደግሞ ሰው ሁሉ እንዴት ይሳሳታል እላለሁ። አንቺ ተማሪ ነሽ፤ ምን ይመስልሻል?»

መልሱን አውቀዋለሁ። ስምንት መቀነስ ብቻ ነው። ነገር ግን አሁን ብነግራቸው «መቼ ነው ያወቅሽው?» ሊሉኝ ነው። ከማርያም በፊት አውቄ ዝም አልኩ ልላቸው ነው።

«እኔ እንጃ ጋሼ» አልኳቸው።

«እንግዲያው ተሳስቼ ይሆናል» አሉ። ሚኒባሱ ቆመ። ረዳቱ ፍራሹን ጣሪያው ላይ ወረወረው። በመስኮቱ እጃቸውን አወዛወዙልኝ።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ዕድሜዬን እዚህ አላወራም። ለነፍስ አባቴ ግን ነግሬያቸዋለሁ። «ለኔ ተናገርሽ፤ ለሳቸውስ?» አሉኝ። «አገሬ ስገባ ጀውሃ ወርጄ እነግራቸዋለሁ» አልኳቸው። ጀውሃ የት ይሄዳል፣ ጋሼስ የት ይሄዳሉ ብዬ ነበር የማስበው።

እናንተ በጥር ዐሥራ ሦስት ያ ሆቴል ግቢ የነበራችሁ፣ በሃያ አንድ ማርያም ደጅ የተቀመጣችሁ፣ ብዙዎቻችሁ ዛሬም ሮቢት እንዳላችሁ አውቃለሁ። አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። አርባቸው ሲወጣ ልጃቸው ባለችበት፣ ሰው ሳይበተን፣ አንዳችሁ ተነሡና ጋሼ ደምሴ ልክ ነበሩ በሉ። ሃምሳ አራት ነበር፤ ያሳሳተቻችሁም የሽንኩርት ገበሬው ልጅ ናት፣ አውቃም ዝም ብላለች በሉ። እኔን ለማዳን ብላችሁ ምንም አትቀንሱ።

ሌላም ልለምናችሁ። በጸሎተ ፍትሐት እንዲያስቧቸው እዚህ ያሉትን ቄስ ጠይቄ ነበር፤ «የክርስትና ስማቸውን አምጪ» አሉኝ። አላውቀውም። ያን ያህል ማለዳ ቦይ ዳር አብሬያቸው ቆሜ ጠይቄያቸው አላውቅም። ከእናንተ የሚያውቅ ካለ፣ እባካችሁ በየሺ እናት በኩል ላኩልኝ።